ከባላጋራ ጋር ወደ ዋቤ ገደል፦ ድንጋይ ላይ የምትበቅል አበባ ፍለጋ

ይህን የምጽፈው ሰው ሁሉ ስለሚጠይቀኝ ነው። ገበያ ስወጣ ይጠይቁኛል፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ይጠይቁኛል፣ ለቅሶ ቤት እንኳ ሟቹን ትተው እኔን ይጠይቁኛል። አንድን ነገር መቶ ጊዜ መናገር ሰለቸኝ። ፊደል የቆጠርኩት ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ ስለሆነ ጽሕፈቴ ቀስ ያለ ነው፤ ቢሆንም የሆነውን ነው የምጽፈው። ከአሰላ ወጥታችሁ የማታውቁ፣ ወደፊትም የማትወጡ፣ እቤታችሁ ሆናችሁ አንብቡት። የእኔ ጫማ አልቋል፤ የእናንተ ይቆይ።

ነገሩ የጀመረው በወሰን ነው። ጎረቤቴ አስካለ ባሏ ሲሞትባት፣ በወዲያ በኩል የሚያዋስናት አቶ ዘለቀ ወሰን ገፋባት። ከዝግባው ጉቶ እስከ ቦዩ ያለችው መሬት የእኔ ናት አለ። መሬቷ ቁራሽ ናት፤ ለአስካለ ግን የዓመት ድንቿና ጎመኗ ናት። ወሰኑ ሲበጅ የነበርነው ሰዎች ሞተው ሞተው የቀረሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ አጥቢያ ዳኛው ፊት ቀረብኩና «ወሰኑ ጉቶው ነው፤ በዓይኔ አይቻለሁ» ብዬ መሰከርኩ።

ዘለቀ ተነሥቶ ነጠላውን አደገደገ። «ጌታዬ፣ ይህ ተክሌ የሚባል ሰው በወጣትነቱ ቆላ ወርጄ፣ ገደል ላይ፣ አፈር ከሌለበት ድንጋይ የበቀለች ቀይ አበባ አየሁ እያለ አርባ ዓመት ሙሉ ያደነቆረን ሰው ነው። በሰርግ ያወራታል፣ በማኅበር ያወራታል። የሌለ አበባ ያየ ዓይን የሌለ ወሰን ቢያይ ምን ይገርማል?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ያልሳቀችው አስካለ ብቻ ናት።

እኔ ደግሞ አበባዋን አይቻታለሁ። ከሲራራ ነጋዴዎች ጋር ጨው ጭኜ ወደ ባሌ ስሻገር፣ ዋቤ ገደል ላይ፣ እንደ እሳት ቀልታ አይቻታለሁ። ደሜ ፈላ። «አለች!» አልኩ። «ድንጋይ ላይ ናት! ቀይ ናት! ካላመጣኋት በቅሎዬን እሰጥ!»

«አገባ!» አለ ዘለቀ፣ አፌን ሳልዘጋ። በቅሎዬን ቦራን ከድሮ ጀምሮ ይመኛት ነበር።

ዳኛው ተቆጡ። «እሰጥ አገባ የአባቶቻችን ጊዜ ነገር ነው፤ አሁን መንግሥት ሕግ አውጥቷል» አሉ። ከዚያ ትንሽ አሰቡና «ቢሆንም አበባዋን እኔም ባያት ደስ ይለኛል» ብለው የአሥራ ሁለት ቀን ቀጠሮ ሰጡን። «አበባዋ ካለች የተክሌ ምስክርነት ይጸናል። ከሌለች ይወድቃል፤ መሬቱም ለዘለቀ ነው። የበቅሎውን ነገር እኔ አልሰማሁም፤ እናንተው ጨርሱት።»

«ብቻውንማ አይሄድም» አለ ዘለቀ። «የሽንኩርት አበባ ጠጠር ላይ በጭቃ ለጥፎ ቢያመጣስ? አብሬው እሄዳለሁ።»

በዕድሜዬ ብዙ መንገድ ሄጃለሁ። ከባላጋራ ጋር ስንቅ ቋጥሬ ስወጣ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

የመጀመሪያው ቀን

ፋሲካ አልፎ ጾም በሌለበት ሰሞን ነበር። እኔ ቦራን ኮርቻ ጭኜ፣ መሮና መዶሻ በስልቻ ይዤ ወጣሁ። ዘለቀ በሽማግሌ ፈረሱ ላይ ፍራሽ፣ ትራስ፣ ጃንጥላና አንድ አገልግል አስጭኖ መጣ። ሙሽራ ሊያመጣ የሚሄድ ይመስል ነበር።

አስካለ ደጅ ላይ ጠበቀችን። ዳቦ ቆሎ በጨርቅ ቋጥራ «ጋሼ ተክሌ፣ በሰላም ይመለሱ» ብላ ሰጠችኝ። ከዚያ ዞር ብላ ሌላ ቋጠሮ ለዘለቀ ሰጠችው።

«ለእሱም?» አልኳት።

«መንገደኛ አይደሉም እንዴ?» አለች።

ዘለቀ አመስግኖ ተቀበለ። መሬቷን ሊወስድ የሚከሳት ሰው ከአሰላ ሳንወጣ የእሷን ዳቦ ቆሎ ጨርሶ፣ የሚስቱን አገልግል ለነገ አስቀመጠ። የአስካለ ይጣፍጣል አለ። ይህን ለዳኛው እነግራለሁ ብዬ አስቤ ረሳሁት።

እስከ ሳጉሬ ያለውን መንገድ ሁላችሁም ሲወራ ሰምታችኋል፤ አልጽፈውም። በሳጉሬ አንድ እህል ነጋዴ አሳደረን። ደግ ሰው ነው። ሁለት ሽማግሌዎች አብረን ስንመጣ ወንድማማች መሰልነውና አንድ አልጋ ሰጠን። «ኧረ ወንድሜ አይደለም፣ ክርክር ላይ ነን» ብዬ ብነግረው «ወንድማማች የማይከራከር ማን አለ!» ብሎ ሳቀና በሩን ዘጋብን።

ዘለቀ አልጋውን በስንዝር ለክቶ መሀሉ ላይ ዱላውን አጋደመ። «ይህ ወሰናችን ነው» አለ። ጠዋት ስነቃ ዱላው ከጀርባዬ ሥር ነው፤ እኔ ግድግዳው ላይ ተለጥፌያለሁ፤ ዘለቀ አልጋው መሀል እግሩን ዘርግቶ ያንኮራፋል። ባለቤቱን ጠርቼ አሳየሁት። «እንግዲህ ምስክር ሁነኝ» አልኩት። «ይህ ሰው ተኝቶ እንኳ ወሰን ይገፋል።»

ሁለተኛው ቀን

ከሳጉሬ ወዲያ መንገዱ ደጋውን ይይዛል። የእኛ አሰላ ብርድ አለባት የምትሉ ሰዎች እዚያ ላይ ቁሙ። ከጭላሎ ወዲያ የሚመጣው ነፋስ በአንዱ ጆሮ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ገብሱ ግን ያምራል፤ እንደ እኛው ነው፤ እንዲያውም ሳልዋሽ ከእኛው ይበልጣል።

እኩለ ቀን ላይ የዘለቀ ፈረስ አነከሰ። ወርደን ሰኮናውን አየን፤ ተሰንጥቋል። አንዲት ባልቴት ከጎጇቸው ወጥተው አዩን። በኦሮምኛ እንግባባለን፤ እኔ በንግድ ዘመኔ የተማርኩት እስካሁን አፌ ላይ አለ። የዘለቀ ኦሮምኛ ግን የገበያ ብቻ ነው። «ሜቃ?» ይላል፤ ስንት ነው ማለት ነው። ከዚያ ሌላ አያውቅም። ባልቴቷ ፈረሱን ከጥጆቻቸው ጋር አስረው እስክንመለስ ሊጠብቁልን እሺ አሉ። ጩኮም አቀረቡልን፤ የገብስ ዱቄት በቅቤ የታሸ፣ እጅ ሲነካው የሚፈርስ። ዘለቀ ሊያመሰግን ፈልጎ ጩኮውን እያየ «ሜቃ?» አላቸው። ባልቴቷ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ወደ እኔ ዞሩ። «ይህ ሰውዬ ቤቴን ሱቅ አደረገው?» አሉ። «ዋጋውን ይወቅ፤ ዋጋው ሁለተኛ ጎርሶ መሄድ ነው።» ዘለቀ ዋጋውን ሦስት ጊዜ ከፈለ።

ከዚያ ወዲያ የቀረችን አንዲት ቦራ ናት። በተራ ልንጋልባት ተስማማን። አንዱ ከአንድ ወንዝ እስከ ሌላው ወንዝ ይቀመጣል፣ ከዚያ ይወርዳል። ውሉ ቀላል ይመስላል። እኔ ስቀመጥ ግን ዘለቀ የላም ሽንት የሚያህል ውሃ ባየ ቁጥር «ወንዝ ነው፣ ውረድ» ይላል። እሱ ሲቀመጥ ደግሞ ውሃው ቦራን እስከ ሆዷ ቢያጠልቃትም «ይህማ ቦይ ነው» ይላል። ቦይ የሚወድ ሰው ነው።

ማታ ላይ፣ ከኮርቻው ሳይወርድ «ስማ ልንገርህ ተክሌ፣ ይህች በቅሎ ሰጋር ናት» አለኝ። «ስትሄድ ተልባ ላይ እንደ መቀመጥ ነው።»

«የእኔ ናት» አልኩት።

«እስከ ቀጠሮው» አለ።

ሦስተኛው ቀን

ሮቤ ገባን። ሮቤ ከአሰላ ታንሳለች፤ ጭቃዋ ግን አያንስም። ያረፍንበት ቤት ባለቤት ፊታቸው የተፈታ፣ ድምፃቸው ወፍራም ሴት ነበሩ። የት ነው የምትሄዱት አሉን።

«ዋቤ ገደል» አልኩ።

«ለከብት ነው?»

«ለአበባ።»

«ምን?»

«አንዲት አበባ ልናመጣ ነው» አለ ዘለቀ። «ድንጋይ ላይ የምትበቅል።»

ሴትዮዋ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን አዩ። የሁለታችንም ጢም ነጭ ነው። ጓዳ ገብተው በሳህን ለጋ ቅቤ ይዘው መጡ። «ጎንበስ በሉ» አሉን። ለፀሐይ ነው ብዬ አጎነበስኩ። ራሳችንን በቅቤ ደፍነው «ይሻላችኋል፤ የእኔም አባት እንዲሁ ጀምሯቸው ነበር» አሉን። ላስረዳ ብሞክር «እሺ አባቴ፣ እሺ፣ አበባዋ አለች» እያሉ ትከሻዬን ዳበሱኝ። ከዘለቀ የባሰ ያናደደኝ ይህ ነው። ራቱ ግን የበግ ወጥ ነበርና ቁጣዬን አቆይቼ በላሁ።

አራተኛው ቀን

ከሮቤ ወዲያ አገሩ ቁልቁል ነው። ገብሱ ቀረ፣ ስንዴው ቀረ፣ ሣሩም ቀረ። ካፖርቴን አወለቅሁ፣ ቀጥሎ ኮቴን፣ ቀጥሎ ሹራቤን፤ ሁሉም ቦራ ላይ ሆነ። በራሳችን ላይ ያለው ቅቤ ቀልጦ ዓይናችን ውስጥ ወረደ። ሰው ሁሉ በአሰላ ሲስቅበት የነበረውን የዘለቀን ጃንጥላ ያን ቀን አከበርኩት። ከጃንጥላው ሥር ግማሽ ጎኔን አስጠጋኝ። ግማሹን ብቻ።

ከዚያ ድንጋዩ ነጭ መሆን ጀመረ። የእኛ አገር ድንጋይ ጥቁር ነው፤ ቤት ብንሠራበት፣ ብንሰናከልበት ጥቁር ነው። እዚያ ግን ሁሉ ኖራ ድንጋይ ነው። ጥርስ የመሰለ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተደርቦ ገደል የሆነ፣ ታችኛው ጫፍ ዋቤ የሚታይበት። ግራር፣ ግመልና ፍየል ነው ያለው። ዘለቀ በዕድሜው ግመል በቅርብ አይቶ አያውቅም። ግመሏም እንደ ዘለቀ ያለ አላየችም መሰለኝ፣ ቆማ አየችው።

የግመሏ ባለቤት ኦቦ ከድር ይባላል። በዕድሜ እኩያዬ ነው፤ በእግሩ ግን ልጄ ይሆናል። ሰላምታ ተለዋወጥን፤ የከብቱን ደኅንነት፣ የዝናቡን ነገር፣ የሁለታችንንም አገር ሰላም ጠየቀ። ከዚያ አበባዋን ነገርኩት። አርባ ዓመት ማንም አላመነኝም።

«ዳራራ ዳጋ?» አለ ከድር፣ እንደ ቀላል ነገር። የድንጋይ አበባ ማለት ነው። «አለች እንጂ። ዝናቡ ስለዘነበ አሁን ነው የምታብበው።»

ወደ ዘለቀ ዞርኩ። እሱ ግመሏን እያየ ያልሰማ መሰለ።

ከድር ሳትበሉ አትሄዱም አለን። ፍየል አመጣ። የእኛ ሃይማኖት ሌላ የእሱ ሌላ ስለሆነ ቢላዋውን በእጃችን ሰጠን። «እንደ ሥርዓታችሁ ራሳችሁ እረዱ» አለ። «ይህች ድስት አዲስ ናት፤ ሥጋ አልገባባትም።» እንዲህ ያለ ክብር በገዛ ዘመዶቼ ቤት አላገኘሁም። ዘለቀ «ለእኔ ተዉት» ብሎ እጀጌውን ሰበሰበ። በኋላ እንደ ተናዘዘው በቤቱ የሚያርደው ጎረቤት ነበር። ፍየሏ ይህን ቀድማ አወቀች። አንዴ ተፈናጥራ ወጣች፣ ዘለቀ ገመዱን ጨብጦ ተከተላት፣ ሦስቱን ግራር ዞሩ፣ በመጨረሻ ገመዱ ዘለቀ እጅ ላይ፣ ፍየሏ ገደሉ ላይ ሆኑ።

ከድር እስኪያነባ ሳቀ። «ዳኛ ፊት ሳትቀርብ በነፃ ተለቀቀች» አለ። ራታችን ወተት ሆነ። የግመል ወተት ቀጠን ያለና ጨው ጨው የሚል ነው፤ የላማችንን ያህል ባይሆንም ይጠጣል።

ፀሐይ ልትገባ ስትል ከድር ወደ ገደሉ አፋፍ ወሰደን። «ወዲያ እዩ» አለ።

አየሁ። ወዲያኛው ግድግዳ ላይ፣ ከታች ምንም ከላይ ምንም በሌለበት፣ አራት ቦታ ላይ እንደ ፍም ቀልታለች! ልክ እንደ ያኔዋ! ዱላዬን ጥዬ ጮህኩ። «አየህ? ዘለቀ፣ አየህ? ቀይ! ቀይ!»

ዘለቀ ወደ አፋፉ ተጠጋ። አፉን ከፍቶ ቆመ። «አየሁ» አለ። ቦራን ዞር ብሎ አያት። ያዘነ ይመስል ነበር።

አምስተኛው ቀን

አበባዋ ወዳለችበት አፋፍ ዞረን በጠዋቱ ደረስን። ከድር «ድሮ ገደሉ ሙሉ ነበረች። አሁን የቀረችው አራት ናት» አለ። «ሦስቱን እንዳትነኩ። አራተኛዋ ያለችበት ድንጋይ ተሰንጥቋል፤ በሚመጣው ጎርፍ ከነድንጋዩ ዋቤ መግባቷ ነው። እሷን ውሰዱ።»

ዘለቀ ለማመስገን አሰበና «ሜቃ?» አለ።

ከድር ወደ እኔ ዞረ። «ጓደኛህ ገደሉን ሊገዛ ነው?»

«ጓደኛዬ አይደለም» አልኩ።

ልውረድ አለ ከድር። እምቢ አልኩ። የእኔ ውርርድ ነው፣ የእኔ ምስክርነት ነው፣ ራሴ ነኝ የምወርደው አልኩ። ከድር በሁለት ቋንቋ ለመነኝ፤ እኔ በሁለት ቋንቋ እምቢ አልኩ። መጫኛውን በወገቤና በጭኔ አሥሮ፣ ሌላውን ጫፍ በግራሩ ግንድ ሁለቴ ጠምጥሞ ለዘለቀ አስያዘው። ከድር ራሱ ጎን ዞሮ ከአፋፉ ሊመራኝ ቆመ።

ወረድኩ። ደረስኩባት። ግንዷ እንደ ሽንኩርት ያበጠ ነው፤ ቅጠል የላትም፤ ሥሯ ስንጥቁ ውስጥ እንደ ጣት ገብቷል። ጭብጥ አፈር የለም። አንዲት የፈካች አበባና ሦስት እምቡጥ አላት።

አበባዋ ነጭ ናት።

ዓይኔን ጠረግሁ፤ ቅቤው ይሆናል ብዬ። ነጭ ናት። እንደ ወተት። ሌሎቹን ሦስቱንም አየሁ፤ ነጭ፣ ነጭ፣ ነጭ። ተንጠልጥዬ ሳስብ ነገሩ ገባኝ። ማታ ሲሆን ፀሐይዋ ገደሉን በሙሉ ታቀላዋለች፤ ድንጋዩንም አበባዋንም። በወጣትነቴም ያለፍኩት ማታ ነበር። አርባ ዓመት ያወራሁት ስለ ፀሐይ ነው።

መሮዬን አውጥቼ ድንጋዩን ከነአበባዋ ፈለፈልኩ። ስንጥቁ ስለረዳኝ የእንስራ ያህል ሆና ወጣች። በስልቻ ከተትኩ፤ ከድር በሌላ ገመድ ጎተታት። ድንጋይዋ ከእኔ በፊት ወጣች። እኔ እዚያው ነኝ።

ከላይ የዘለቀ ድምፅ መጣ። «ተክሌ!»

«ምን?»

«ነጭ ናት!»

«ጎትተኝ!»

«እጎትትሃለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ወሰኑ የት ነው?»

ታች አየሁ። ዋቤ እንደ ክር ቀጥኖ ይታያል። «ጉቶው!» ብዬ ጮህኩ።

«ቦዩ አይሆንም?»

«ጉቶው ነው! ብትለቀኝም ጉቶው ነው! ዋቤ ውስጥ ሆኜም ጉቶው ነው!»

ከድር ከወዲያ ሆኖ «ምን ይላል?» ብሎ ጠየቀ። ዘለቀ ምን ብሎ ያስረዳው? ኦሮምኛው አንድ ቃል ነው። ጎተተኝ። ሳልዋሽ እጁ እስኪላጥ ጎተተኝ። አፋፉ ላይ ስወጣ «አንተ ሰው ጭንቅላትህ ከዚህ ድንጋይ ነው የተፈለፈለው» አለኝና ውሃ ሰጠኝ።

ከስድስተኛው እስከ ዘጠነኛው ቀን

ድንጋይዋ ቦራ ላይ ተጫነች። ሁለታችንም በእግራችን ሆንን። ከድር እስከ ደጋው አፋፍ ሸኘን። ሲለየን የዘለቀን የተላጠ እጅ በቅጠል አሠረለትና «ያቺን ፍየል ስትመለስ ትጨርሳታለህ» አለው።

አሁን የሁለታችንን ልብ ልንገራችሁ። ዘለቀ አበባዋ ነጭ ሆና በሕይወት እንድትደርስ ይፈልጋል፤ በቅሎዋ የምትገኘው እንደዚያ ነው፤ ከደረቀችማ ቀይ ነበረች ልል ነው። እኔ ደግሞ የፈካችው ታማ ነው የነጣችው፣ እምቡጦቹ ቀይ ይሆናሉ ብዬ ወሰንኩ። ለምን እንደዚያ እንዳሰብኩ አትጠይቁኝ፤ አሰብኩ። ስለዚህ ሁለታችንም እንደ አራስ ተንከባከብናት። ዘለቀ ጃንጥላውን ለራሱ ትቶ ለእሷ ዘረጋላት። እኔ አፌን ሞልቼ ውሃ እረጫታለሁ። መንገደኛ ሁሉ ይስቃል፤ በቅሎ ላይ ድንጋይ፣ በድንጋይ ላይ ጃንጥላ፣ ከኋላ ሁለት ሽማግሌ በእግር።

ሮቤ ላይ የቅቤዋ ሴት ገና ከሩቅ አይተውን እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። አበባዋን ሳሳያቸው ግን ቀረብ ብለው ሥሯን መረመሩ፣ ድንጋዩን በጣታቸው አንኳኩ። «ለካ ደህና ናችሁ» አሉ። ትንሽ ቅር ያላቸው መሰለኝ። አንደኛው እምቡጥ እዚያው ቤት ፈካ። ነጭ ነው።

ደጋው ላይ ፈረሱን ተቀበልን። ባልቴቷ ሰኮናውን በጨርቅ ጠቅልለው አድነውታል። «አርሲ ድንጋይ ጠፍቶ ነው ከቆላ የምትጭኑ?» አሉን። ዘለቀ ፈረሱን ለመጫን አልጨከነም፤ እየሳበ ሄደ። ሁለተኛው እምቡጥ ከዚያ ወዲያ ፈካ። ነጭ ነው። ዘለቀ ያፏጭ ጀመር።

ቦራ በበኩሏ ድንጋይዋን ጠላች። ማታ ስናወርድላት ትራቃለች፤ ጠዋት ነጩን ስታይ ጆሮዋን ታጥፋለች። ዕድሜዋን ሙሉ ሰው የተሸከመች በቅሎ ናት፤ ገደል ተሸክማ አታውቅም። በሳጉሬ እህል ነጋዴው ዳግመኛ አንዱን አልጋ ሰጠን። ዘለቀ ዱላውን አላጋደመም። እኔ ግን ግድግዳው ጋ ቀድሜ አልተኛሁም።

ቀጠሮው

አሰላ ከገባን በኋላ ሦስተኛው እምቡጥ ሳይፈካ ቀጠሮው ደረሰ። ድንጋይዋን ዳኛው ፊት አስቀመጥናት። ሰው ከግቢው ተርፎ አጥር ላይ ወጣ። አስካለ ከፊት ቆማለች፤ የነጠላዋን ጫፍ እየቋጠረች ትፈታለች። እምቡጡ ሁላችንም እያየነው ፀሐይ ሲነካው ተላቀቀ፣ ተገለጠ።

ነጭ።

«ጌታዬ» አልኩ፣ «ማታ ትቀላለች። ፀሐይ እስክትጠልቅ ይጠብቁኝ።»

ዳኛው ደግ ናቸው፤ ሌላውን ነገር እየሰሙ ጠበቁ። ሰውም ጠበቀ። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ጭላሎ ደመናውን ለቀቀው። ጉሙ ወርዶ እንኳን አበባዋ ዳኛውም ነጭ ሆኑ። የዋቤን ፀሐይ በስልቻ ማምጣት አይቻልም።

ዳኛው ወደ ዘለቀ ዞሩ። «አንተ አብረኸው ነበርክ። ይህች አበባ ከድንጋይ ስትበቅል በዓይንህ አይተሃል?»

ዘለቀ አላየሁም ቢል መሬቷ የእሱ ናት። ሌላ ያየ ሰው አሰላ ውስጥ የለም። አስካለን አየ፤ የተላጠ እጁን አየ።

«አይቻለሁ» አለ። «አፈር የላትም። እሱ ሲፈለፍላት እኔ ገመድ ይዤ ነበር።»

«ቀለሟስ?»

«እንደሚያዩት ነው፣ ጌታዬ።»

ማታ ያየውን አልተናገረም። አልተጠየቅሁም እንጂ አልዋሸሁም የሚል ፊት ነበረው።

ዳኛው ፈረዱ። «ተክሌ በቀለም ተሳስቷል፤ በቦታ አልተሳሳተም። ወሰን የቦታ ነገር ነው፤ የቀለም አይደለም። ምስክርነቱ ጸንቷል። ወሰኑ ጉቶው ነው።» አስካለ እልል አለች። ከዚያ ዳኛው ወደ እኔ ጎንበስ ብለው በዝግታ «በውርርዱ ግን ቀይ ብለሃል። እኔ አልሰማሁም፤ አንተ ግን ሰምተሃል» አሉኝ።

ልጓሙን ለዘለቀ በእጄ ሰጠሁት። ስለዚያ ማታ ሌላ አልጽፍም።

አበባዋ ሐምሌን አልቻለችም፤ ብርዱ ገደላት። ድንጋይዋን ግን የሰፈሩ ሽማግሌዎች ወስደው ጉቶው ሥር ተከሏት። በጥቁር ድንጋይ አገር ነጭ ወሰን ማን ይገፋዋል? አስካለ ከእንግዲህ ምስክር አያስፈልጋትም፤ እኔም በሰላም ልሞት እችላለሁ።

ያላሰብነው የቦራን ነገር ነው። የዘለቀ የገበያ መንገድ በጉቶው አጠገብ ያልፋል። ቦራ ያቺን ነጭ ድንጋይ ከሩቅ ስታይ ዳግመኛ የሚጭኑባት ይመስላታል። ቀጥ ብላ ትቆማለች። ቢመታት አትሄድም፤ ቢለምናት አትሄድም። ወርዶ ሊስባት ሲል ወደ ኋላ ትስበዋለች። ስለዚህ በገበያ ቀን ሁሉ ዘለቀ ኮርቻው ላይ ሆኖ ወሰኑ ላይ ይገተራል፤ እኔም በወዲህ በኩል የአስካለን ድንች ስኮተኩት ያገኘኛል። ባለፈው ሳምንት አስካለ የተቀቀለ ድንች አምጥታ ሁለታችንንም አበላችን፤ እሱን ከነኮርቻው።

ድንቹን እየላጠ «ተክሌ» አለኝ።

«ምን?»

«ያን ማታ ቀይ ነበረች።»

«ምን አልክ?»

«ሰምተሃል።»

«ዳኛው ፊት ሄደህ ተናገር!»

«እሺ፣ እሄዳለሁ» አለ ዘለቀ። «መጀመሪያ በቅሎህ ትንቀሳቀስ።»

በቅሎህ ነው ያለው። እኔም ሰምቻለሁ፣ አስካለም ሰምታለች። እስክትንቀሳቀስ ድረስ ቆመን ስለ ከድር ፍየል አወራን። ቦራ አልቸኮለችም።